እኩል ሲባጎ

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን አሠልጣኝ አመጣልን። ሰውየው ጠባብ ሱሪ ለብሶ፣ ሹል ጫማ አድርጎ፣ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ለማገናኘት ግማሽ ሰዓት ሲታገል ቆየና በመጨረሻ "ዛሬ የማስተማር ሕይወታችሁ ይቀየራል" አለን። ከዚያ ከውጭ የመጣ ባለቀለም ወረቀት አደለን። ሦስት ማዕዘን ቁረጡ አለ፤ ቆረጥን። ሦስቱን ጫፎች ቅደዱ አለ፤ ቀደድን። ጫፎቹን ጎን ለጎን ግጠሙ አለ፤ ገጠምን፤ ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ። መቶ ሰማንያ ዲግሪ! መምህራኑ አጨበጨቡ። አጠገቤ የተቀመጠችው የአማርኛ መምህርት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አላጨበጨብኩም።

"ሂሳብ በእጅ፣ ሂሳብ በወረቀት!" አለ አሠልጣኙ። "ይኼ ዘዴ ለአገራችን አዲስ ነው።"

አዲስ! እኔ ይኼን አዲስ ነገር ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ2001 ክረምት፣ ካራ ሰፈር፣ ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ሠርቼዋለሁ። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያስተማረችኝን ሴት ደግሞ ከሰውየው ሹል ጫማ ይልቅ ንቄያት ነበር። የተረፈውን ባለቀለም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ምሳውን ሳልበላ ወጣሁ።

ሴትየዋ ቲቸር አፀደ ትባላለች። የእማማ ደብሪቱ ተከራይ ነበረች። ወሰን አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እሁድ እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሷን በቆዳ መያዣ ይዛ የጴንጤዎች አዳራሽ ትሄድና ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። እኔ ይበልጥ የማውቀው ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ እንደምታደርግ ነው። ክረምቱን በሙሉ አንድ ቡናማ ሹራብ ነበራት፤ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር የተጣፈ። ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ በነጻ ታስተምር ነበር። በነጻ! አባዬ እንደሚለው በነጻ የሚሰጥ ነገር ወይ የተበላሸ ነው ወይ የተሰረቀ። ቢሆንም ክረምቱን ቤት ተቀምጬ ከማሰለቸው ብሎ ላከኝ።

አባዬ፣ ሰፈሩ ጋሽ አካሉ የሚለው፣ የአጣና ነጋዴ ነው። ከእንጦጦ ባህር ዛፍ እያስቆረጠ በአይሱዙ ያስጭንና ሕንፃ ለሚሠሩ ሰዎች ያቀርባል። ትምህርቱን ያቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ደረት ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። እኔ አባዬን ከሰው ሁሉ አዋቂ አድርጌ ነበር የማየው። ለእኔ ደግሞ የጂኦሜትሪ ዕቃ በቆርቆሮ ሳጥን ገዝቶልኝ ነበር፤ ኮምፓሱ፣ ፕሮትራክተሩ፣ ማስመሪያው ሁሉ ያለበት። ሳጥኑን ሳቃጭለው ልጆቹ ሁሉ ዞር ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን እሱን አቅፌ በረንዳው ላይ ቁጭ ስል ቲቸር አፀደ አየችኝ።

"ናዝሬት፣ ሳጥንሽን ዝጊና እጅሽን አምጪ" አለች።

እጅ ደግሞ ምን ያደርጋል? እጅማ የግሩምም አለው። ግሩም የእማማ ደብሪቱ የልጅ ልጅ ነው፤ እኩያዬ ነበር፤ እርሳሱን ከጆሮው ኋላ የሚሰካው ደብተር ስላልነበረው ይመስለኛል። ዛሬ ሳስበው ሳጥኔን ያዘጋችኝ ሌሎቹ አሥራ አንድ ልጆች ሳጥን ስላልነበራቸው ነው። ያኔ ግን የቀናችብኝ መሰለኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ናቅኋት።

ወረቀቷ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ባዶውን ከሠራተኞች ለምና ታመጣለች፤ የውጩን ሽፋን ልጣ ትጥላለች፤ የውስጡን አራግፋ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ ፍራሽ ሥር አስተኝታ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ ቁራጭ ለእያንዳንዳችን ትሰጣለች። "አንዴ እጠፉት። አሁን እጥፋቱን በራሱ ላይ መልሳችሁ እጠፉት። ዘርጉት" ትላለች። ስንዘረጋው መሀሉ ላይ አራት ቀጥ ያሉ ማዕዘኖች ተቀምጠዋል፤ ያለ ፕሮትራክተር፣ ያለ ምንም። ልጆቹ "እ!" ይላሉ። እኔ ሳጥኔን በድብቅ ከፍቼ በፕሮትራክተር እለካዋለሁ። ዘጠና ነው። ዘጠና መሆኑ ያናድደኝ ነበር።

ቤት ስገባ አባዬ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ይለኛል።

"ወረቀት ማጠፍ።"

"ቆሎ ልትሸጪ ነው?" ብሎ ይስቃል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ያቺ ሴትዮ ሁለቱንም ሆናለች።" እኔም አብሬው እስቃለሁ። ሰው መናቅ አብሮ መሳቂያ እንደሆነ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ እንደምታዩት ትምህርቱ አልጠፋብኝም።

የዚያ ክረምት የቤታችን ወሬ አንድ ነበር፤ የእማማ ደብሪቱ የአትክልት ቦታ። ቦታው ከቤታቸው አጠገብ፣ መንገዱ ጥግ ላይ ነበር። ጌሾና ጎመን ይተክሉበታል፤ በዚያው ነው ግሩምን የሚያሳድጉት። አባዬ ደግሞ ከቤታቸው ኋላ መሬት ነበረው። እንለዋወጥ ይላቸዋል። "መንገድ ዳር እኮ ነው፤ አቧራው አትክልቱን ይጎዳብዎታል። ከኋላ ብሰጥዎ ከብትም አይገባብዎ፣ ሌባም አይደርስብዎ" ሲላቸው ሰምቻለሁ። አባቴ ደግ ነው ብዬ ነበር። አስፋልት ሊመጣ መሆኑን ላምበረት ካሉ ደላሎች ሰምቶ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እማማ ደብሪቱ ሞኝ አልነበሩም። "እኩል በእኩል ከሆነ እሺ" አሉ። "ያውም ቃላድ ተጥሎ።"

ቃላድ የጥንቱ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። ሰፈራችን ያሉት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ከአባታቸው የወረሱት የጠፍር ቃላድ ነበራቸው፤ በየአሥር ክንዱ የተቋጠረ። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ ይኼ ገመድ በክብር ከግድግዳ ይወርዳል፤ የመሬቱን ዙሪያ ይዞራል፤ ቋጠሮው ይቆጠራል፤ ጠቡ እዚያው ያልቃል። ኤክስፐርት ቢመጣ፣ መሐንዲስ ቢመጣ፣ ያለ ጋሽ ኃይለ መስቀል ጠፍር ማንም አይታመንም ነበር። "ሰው ይዋሻል፤ ቃላድ አይዋሽም" ይላሉ አዛውንቱ፣ እንደ ዳዊት እየደገሙት።

አባዬ ቃላድ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ለብዙ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ሲያጉረመርም እሰማው ነበር። "እኩል ከሰጠሁማ ምን ተረፈኝ?" ይላል። እኔ ስለ አጣና የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቲቸር አፀደ ሲባጎ ይዛ መጣች። ለሁላችንም እኩል ቆርጣ፣ ጫፍና ጫፉን አስራ ሰጠችን። "በዚህ ሲባጎ የፈለጋችሁትን ባለ አራት ማዕዘን ሥሩ" አለች። "ጣውላው ላይ በምስማር ወጥሩት፣ በእርሳስ ተከተሉት፣ ከዚያ ወረቀቱን ቁረጡት። የማን ትልቅ እንደሚሆን እናያለን።"

ትልቅ ስትል ልቤ ዘለለ። ሲባጎዬን እስከሚችለው ወጠርኩት። ከሁሉም የረዘመ፣ ማስመሪያ የመሰለ ነገር ወጣኝ። የግሩምን አየሁት፤ ድብልብል ያለ ካሬ ነው፤ የእኔ አጠገብ ሲቀመጥ ቁመቱ ከግማሽ ብዙም አያልፍም። አሳዘነኝ። ቀጥሎ ቲቸር አፀደ የጣት ወርድ ያላቸው ትናንሽ የወረቀት ካሬዎች በጣሳ አመጣች። የቆረጣችሁትን በእነዚህ ሙሉት፣ ሳትደራርቡ፣ ከዚያ ቁጠሩ ተባልን። እኔ ቶሎ ጨረስኩ። ሃያ ገባው። ግሩም ግን ገና ይደረድራል፤ ሃያን አለፈ፤ ሠላሳን አለፈ።

"ሠላሳ ስድስት!" አለ።

"ናዝሬት ስንት ሞላሽ?" አለች ቲቸር።

"ሃያ" አልኩ፤ በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ግሩም ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሲባጎዬን አሳጥረሽብኛል!" ብዬ ጮህኩባት። አስተማሪ ነች፤ አንቺ ብያት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አልኳት።

እሷ አልተቆጣችም። ሁለቱን ሲባጎዎች ፈትታ ከጣቷ አንጠለጠለቻቸው። እኩል ናቸው። "ሲባጎ የሚነግርሽ አጥሩን ነው፣ የኔ ቆንጆ" አለችኝ። "ጎመን የሚተከለው ግን አጥሩ ላይ አይደለም፤ ውስጡ ነው።" እማማ ደብሪቱ በዚያው ሰዓት ከበረንዳው ማዶ ጌሾአቸውን እያራገፉ ነበር። ቢሰሙት ኖሮ! ግን ለልጅ የሚነገርን ነገር የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው የት አለ? አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ አባት።

ወረቀቴን ጨብጬ እያለቀስኩ ጭቃውን እየረገጥኩ መጋዘኑ ደረስኩ። አባዬ አጣና ያስቆጥራል። "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። ቲቸር እንዳጭበረበረችኝ፣ ግሩም እንደሳቀብኝ፣ ሲባጎው እኩል ሆኖ የእሱ ሠላሳ ስድስት የእኔ ሃያ እንደሆነ ነገርኩት።

አባዬ የያዘውን ደብተር አጠፈው። "ሲባጎው እኩል ሆኖ?"

"አዎ!"

"ልክክ ያለ እኩል?"

"አዎ፣ አባዬ!"

ሠራተኞቹን ምሳ ብሉ ብሎ አስወጣቸው። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ያ አንድም ቀን አብሮኝ ቁጭ ብሎ የማያውቅ አባቴ፣ ሱሪውን ሰብስቦ የእንጨት ልጣጩ ላይ ተቀመጠ። "አሳዪኝ" አለኝ። ሲባጎ ቆረጥን፤ ያለፈውን ዓመት ካላንደር ቀደድን። እኔ ቆርጬ እሱ ቆጠረ፤ እሱ ቆርጦ እኔ ቆጠርኩ። "እንዲህ ቢቀጥንስ?" ይላል። አሥራ አንድ ይሆናል። "አይ፣ ይኼ በዛ፤ ያስታውቃል" ይልና ይስቃል። ለምን እንደሚያስታውቅ፣ ለማን እንደሚያስታውቅ አልጠየቅኩትም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ልጣጩ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸታል፤ ስልኩ ሲጮህ አላነሳም። በልጅነቴ ከዚያ የበለጠ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው።

በመጨረሻ ያችን ከትምህርት ያመጣኋትን ረዥሟን የከረጢት ወረቀት አነሳ። አየት አደረጋት፤ አጠፋት፤ ከሁለቱ እስክሪብቶዎች ኋላ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አልኩት።

"ለማስታወሻ" አለኝና ግንባሬን ሳመኝ። የወደደኝ መሰለኝ። በቃ፣ አባቴ ሥራዬን ወዶ ልቡ ላይ ያስቀመጠው መሰለኝ።

ቃላዱ የተጣለው የነሐሴ መጨረሻ እሁድ ጠዋት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይሁን ብለው ነበር፤ አባዬ ነው ከቅዳሴ መልስ እሁድ ካልሆነ ያለው። ለእግዚአብሔር ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ። ቲቸር አፀደ ሰፈር ውስጥ የማትኖርበት ብቸኛ ጠዋት እሁድ መሆኑ ያኔ ቁምነገር አልመሰለኝም።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ጠፍራቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው እንደ ንጉሥ መጡ። አባዬ "ይቺ የተማረች ናት፤ ጫፉን ልጄ ትያዝ" አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እሺ አሉ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ገመዱን ያዝኩ። መጀመሪያ የእማማ ደብሪቱን አትክልት ዞርን፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት ቋጠሮ፤ አሥራ ሁለት። ከዚያ ከቤቱ ኋላ አባዬ ችካል ወደተከለበት ሄድን። አባዬ ሁለት ጊዜ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ አየና መልሶ ከተታት፤ ባየኋት ቁጥር ደስ አለኝ። አምስት ቋጠሮ ወረድን፣ አንድ ተሻገርን፣ አምስት ወጣን፣ አንድ ተመለስን። አሥራ ሁለት።

እማማ ደብሪቱ ችካሎቹ መሀል ቆመው ክንዳቸውን ወዲህና ወዲያ ዘረጉ። "አካሉ፣ ይኼ ነገር አልጠበበም?"

"ይጠባል፤ ግን ይረዝማል እትዬ ደብሪቱ" አለ አባዬ፣ በጣም ትሕትና በተሞላ ድምፅ። "እኔ ምን አገባኝ፤ ቃላድ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ነው" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። "ዓይን ነው የሚዋሽ፣ ደብሪቱ። ለአባቶቻችን የበቃ ገመድ ላንቺ ያንስሻል?"

እማማ ደብሪቱ ቀና ብለው ገመዱን የያዝኩትን እኔን አዩኝ። ምን እንዳዩ አላውቅም። ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ውሉ ላይ አተሙ። ሦስት ሽማግሌ ፈረመ፤ ተመረቀ፤ ጠላ ተጠጣ። እንግዲህ ሰፈሩ የሚኮራበት ጥበብ ይኼ ነበር። ሦስት ሽበታም ሰው አንድ ጠፍር ይዞ፣ የሠላሳ ክንድ ካሬንና የአሥር ክንድ ቀጭን መቀነትን እኩል ነው ብሎ መረቀ። የአንዲት ሴት ጣሳ ሙሉ ወረቀት ግን የልጅ ጨዋታ ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቲቸር አፀደ ቤታችን መጣች። ጋሽ ኃይለ መስቀልም ምሳ ተጋብዘው ነበር። ሹራቧ በስብሷል። ከደብተሯ ውስጥ ሁለት የከረጢት ወረቀት አውጥታ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች፤ አንዱ የግሩም ካሬ ነው፣ ሌላው እንደ እኔው ረዥም ሆኖ የተቆረጠ።

"ጋሽ አካሉ፣ በምግብ ሰዓት ስለመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "የእማማ ደብሪቱ ቦታ ይኼ ነው፤ የተሰጣቸው ደግሞ ይኼ። ዙሪያቸው እኩል ነው፤ መሬቱ ግን እኩል አይደለም። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። አውቀው እንዳላደረጉት እገምታለሁ።"

"እህቴ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለ አባዬ እየጎረሰ። "የወረቀት ጨዋታሽን ለልጆቹ ተጫወቺላቸው።"

እሷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እዚሁ ላስቆጥርዎት።"

ጋሽ ኃይለ መስቀል እንጀራው ላይ እጃቸውን አቆሙ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ የሚያምኑት ነገር ሲነካባቸው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ወረቀቶቹን ትክ ብለው አዩአቸው። "እስቲ ልጅቱ ትናገር" አሉ። "እሷም ተምራዋለች አይደል? ልጅ አይዋሽም።"

ቲቸር አፀደ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ዓይኔን አየችው። "ናዝሬት፣ ንገሪያቸው። ስንት ሞላሽ?"

አሁን ዓመታት አልፈው ሳየው ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያች ጥያቄ ላይ ነበር። የእማማ ደብሪቱ መሬት፣ የግሩም ቤት፣ የሴትየዋ ስም፣ ሁሉም። ያኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። አባዬ ፊት ልታዋርደኝ፣ "ሃያ" አስብላ ልታስቅብኝ የመጣች መሰለኝ። የአባዬ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ የሚሞቅ፣ ከበድ ያለ እጅ። የተጣፈውን ክርኗን አየሁት፤ የበሰበሰ ካልሲዋን አየሁት።

"እኩል ነው" አልኩ። "ሲባጎው እኩል ነው፤ ሁለቱም እኩል ናቸው።"

"አየሽ" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል፤ እፎይ ብለው ወደ ወጡ ተመለሱ። ቲቸር አፀደ ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ወረቀቶቿን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አባዬ ቀደማት። ሁለቱንም አነሳ፤ ወጥ የነካ ጣቱን አንድ በአንድ ጠረገባቸው፤ ጨብጦ ማዕዱ ሥር ጣላቸው። እኔ ሳቅሁ። እሷ ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አባዬ በየቤቱ "ልጆቻችንን በሂሳብ ስም ልትሰብክብን ነው" ብሎ አስወራ። እናቶች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አስቀሩ። መስቀል ሳይደርስ ፍራሿን በጋሪ አስጭና በዝናብ ስትሄድ ከበራችን ቆሜ አየኋት። ተሸንፋ፣ አፍራ የሄደች መሰለኝ። አባዬ እማማ ደብሪቱን "ወይ እሷን ታስወጫለሽ ወይ ሰፈሩ ከዕድር ያስወጣሻል" እንዳላቸው ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እውነቱ የገባኝ ግን ዘግይቶ አይደለም፤ በዚህ ልዋሽ አልችልም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰባተኛ ክፍል ዙሪያና ስፋት ስንማር፣ መምህሩ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ ገባኝ።  ከዚያስ? ምንም። ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ። ንቀት ሲባል ስለ ሌላው የሚሰማን ነገር ብቻ ይመስለናል፤ እኔ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ንቀቱን ለራሴ ስሰፍር ኖሬያለሁ፤ ያውም ለሰው የሚታይ አንዳች ነገር ሳልሠራ።

አስፋልቱ መጣ። መንገድ ሲሰፋ ወደ አስፋልቱ ወጣ ብሎ የነበረው የእማማ ደብሪቱ የድሮ ቤት ፈረሰ፤ የቀራቸው ያቺ የኋላ መቀነት ብቻ ሆነች። ግሩም አድጎ በቆርቆሮ አራት ክፍል በተርታ ቀጠለባት፤ ሰፈሩ "ባቡሩ" ይላታል። ከሦስት ዓመት በፊት እማማ ደብሪቱ ሲሞቱ ሬሳ ሳጥኑ በመተላለፊያው አልዞር ብሎ በቁሙ ነው የወጣው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አይቷል። የጥጉ የጎመን መሬት ላይ ደግሞ የአባዬ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። አንደኛው ፎቅ ላይ እሱ ይኖራል። ሁለተኛው በእኔ ስም ነው፤ ካርታው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልብስ ሳሰጣ ከመስኮቴ ባቡሩን ከላይ አየዋለሁ። ከላይ ሲታይ ልክ እኔ እንደቆረጥኩት ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሥልጠናው ስመለስ በቀጥታ አባዬ ጋ ነው የወጣሁት። በረንዳው ላይ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ባለቀለሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

አንዲት ተስፋ ነበረችኝ፤ ሞኝ ተስፋ። ከረሳው እላለሁ። ቁጥሩን ከረሳው ያ ቀን ቢያንስ በጥቂቱ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ ከልጁ ጋር ቁጭ ያለ አባት ነበር ማለት ነው።

"አባዬ፣ መጋዘን ውስጥ ወረቀት የቆረጥንበት ቀን ትዝ ይልሃል?"

"ሠላሳ ስድስትና ሃያ" አለ።

ትንፋሽ እንኳን አልወሰደም። ሬዲዮውን ቀነሰና ዓይኑ በፍቅር ተሞልቶ አየኝ፤ ከልቡ ነው። "ይረሳል እንዴ? እኔ እኮ ያን ሰሞን ጨንቆኝ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። አንቺ ነሽ መንገዱን ያሳየሽኝ። ለሰው አልናገርም እንጂ የዚህ ሕንፃ መሠረት አንቺ ነሽ፣ ናዚ።" ተነስቶ ገባና የሰነድ ማህደሩን ይዞ ወጣ። ከራሱ ካርታና ከውሉ መሀል አንዲት ረዥም ቡናማ ወረቀት አወጣ፤ እጥፋቷ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች። የእኔ ወረቀት። "ይኸው፣ ለማስታወሻ አላልኩሽም?"

ተቀብዬው ወረድኩ። ወዴት እንደምሄድ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀም።

የባቡሩ በር ቆርቆሮ ነው፤ አንኳኳሁ። ግሩም ከፈተ። ወሰን አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እጁ ግሪስ ነበር፤ በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ለዓመታት ጎረቤት ሆነን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ወረቀቷን ዘረጋሁለት። 

"ሃያ ነው" አልኩት። "ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ እኩል ነው ብዬ ነበር። ዋሽቼ ነው። የአንተ ሠላሳ ስድስት፣ የእኔ ሃያ።"

ወረቀቷን አላነሳትም። አየት አደረጋት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። እኔ በልጅነቴ የሱን ደብተር ማጣት፣ የቲቸር አፀደን ካልሲ ባየሁበት ዓይን ነበር ያየኝ።

"እናውቃለን" አለ። "እየኖርንበት እኮ ነው።"

ከኋላው መተላለፊያው ይታያል። አንዲት ትንሽ ልጅ ባልዲ ይዛ ልትወጣ ፈልጋ አባቷ በሩን ስለሞላው ቆማ ትጠብቃለች። ግሩም ወደ ጎን ዞር ብሎ፣ ጀርባውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ አሳለፋት። ለምዶታል፤ ሳያስበው ነው ያደረገው።

"ሌላ ነገር አለሽ?" አለኝ።

ሁለተኛው ፎቅ በስሜ ነው። ካርታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ደረጃውን ወጥቶ ለማምጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

"የለኝም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘጋ።